አደይ ከመስቀል በኋላ

ይህ ጽሑፍ ከመስቀል በዓል በኋላ በዋለው እሑድ፣ በሽሮ ሜዳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ዕድር ጉባኤ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።

ክቡር የዕድራችን ዳኛ፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ጎረቤቶቼ፤

ስለ ወርሃዊ መዋጮና ስለ ድንኳኑ ጥገና ከመነጋገራችሁ በፊት ይህን ግማሽ ሰዓት ስለ ሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። የምናገረው ስለ አደይ አበባ ነው። ጉዳዩን ወደ ዕድር ያመጣሁት በምክንያት ነው። በሰፈራችን የጋራ መሬት ላይ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ የትኛው ጥግ እንደሚመነጠር፣ የጽዳት ዘመቻው በየትኛው እሑድ እንደሚወጣ የሚወስነው ይህ ጉባኤ ነው። አደይ በሰፈራችን መኖር አለመኖሩም የሚወሰነው በዚሁ ውሳኔ ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንን ነው።

መስቀል አልፏል። የደመራው አመድ በዝናብ ታጥቧል፤ ቤታችን ያስገባነው እቅፍ አበባም ጠውልጎ ከቄጤማው ጋር ተጠርጎ ወጥቷል። ብዙዎቻችን የአበባው ወቅት አብቅቷል ብለን ለሚቀጥለው ዓመት ተሰነባብተናል። ነገር ግን ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት ጥቂት ብትወጡ፣ አደይ በመንገዱ ዳርና በባሕር ዛፎቹ መካከል በሚገኘው ገላጣ ቦታ ላይ ከእንቁጣጣሽ ዕለት ይልቅ ዛሬ በዝቶ ታገኙታላችሁ። እኛ በዓሉን ስንጨርስ አበባው ሥራውን ገና እየጀመረ ነው።

ለመሆኑ አደይ ዓመቱን ሙሉ የት ይኖራል? ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ ሳስተምር ለተማሪዎቼ አቀርብ ነበር፤ ከሥሩ ይበቅላል የሚሉኝ ይበዙ ነበር። ጽጌረዳ እንደዚያ ናት። ግንዷ ይቆያል፣ ብትቆረጥም ታቆጠቁጣለች። አደይ ግን ለከርሞ የሚያቆየው ሥርም ግንድም የለውም። የክረምቱ ዝናብ ሲገባ ከዘር ይበቅላል፤ ሐምሌን ከሣሩ ጋር ተቀላቅሎ ማንም ሳያየው ያድጋል፤ ነሐሴ ሲያልቅ እንቡጥ ይይዛል፤ መስከረምና ጥቅምት ያብባል፤ ኅዳር ላይ ዘሩን አፍርቶ ከነሥሩ ይደርቃል። በበጋው እምብርት፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ በዚህ ሰፈር ያለው አደይ ሁሉ ዘር ሆኖ አፈር ላይ ተኝቷል። ሰው ይረግጠዋል፣ በግ ይራመድበታል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። በሚቀጥለው መስከረም የምናየው ቢጫ ሁሉ ከዚያ ከተረገጠው ዘር የሚወጣ ነው፤ ሌላ መምጫ የለውም።

የአንድ ሰፈር የላይኛው አፈር ለአደይ የእህል ጎተራ ነው። ጎተራው በየዓመቱ ኅዳር ላይ ይሞላል፣ ሰኔ ላይ ይከፈታል። አንድ ዓመት ሳይሞላ ቢቀር ከከረመው ትንሽ ይገኝ ይሆናል። በተከታታይ ካልሞላ ግን ባዶ ይሆናል፤ ቢዘንብም የሚበቅል አይኖርም። በአካባቢያችን ባዶ የሆኑ ቦታዎችን ታውቃላችሁ። አሮጌው ሜዳ ላይ በልጅነታችን እስከ ወገባችን ድረስ በአደይ ውስጥ እንሮጥ ነበር። አሁን በመስከረም እዚያ ሣር ብቻ ነው ያለው። አፈሩ ያው አፈር ነው፤ ዝናቡም እንደ ድሮው ይዘንባል።

አሁን ያመጣሁትን አበባ አንድ አንድ እየወሰዳችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ። ለኋላዎቹም አሳልፉልኝ።

በእጃችሁ የያዛችሁት አንድ አበባ ይመስላል። መሐሉን ቀረብ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ያ የተጨናነቀ ቢጫ ክብ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ የአበባ ዱቄት አለው፣ እያንዳንዱም አንድ ዘር ያፈራል። በዙሪያው የተዘረጉት ሰፋፊ ቅጠል መሳዮች፣ ልጆች በእንቁጣጣሽ ሥዕል ላይ ጎልተው የሚስሏቸው፣ እነዚያ ዘር አይሰጡም። ሥራቸው ከሩቅ መታየት ብቻ ነው። ንብ የምትመጣው በእነሱ ተስባ ነው፤ የምትሠራው ግን መሐሉ ላይ ነው። ንብ እኛ የማናየውን የብርሃን ዓይነት ታያለች። በአንዳንድ የአደይ ዘመዶች ላይ ለእኛ ወጥ ቢጫ የሚመስለው አበባ ለንብ መሐሉ የጠቆረ፣ ዙሪያው የደመቀ ዒላማ ሆኖ ይታያታል። እኔ ይህን ካወቅሁ ጀምሮ በአደይ ሜዳ አጠገብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

ዙሪያው የተዘረጋው ቢጫ ሲረግፍ አበባው ሞተ እንላለን። ዘሩ ግን የሚበስለው ከዚያ በኋላ ነው። ክቡ ቡናማ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ ሳምንታት ይወስዳል። ያን ጊዜ ተክሉ ያስቀይማል፤ እውነት ነው። ጭራሮ ይመስላል። ማጭድ ያነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። በዚያ ጭራሮ ጫፍ ላይ ግን የሚቀጥለው መስከረም ተቀምጧል። ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ ስስ ክንፍ ያለው ዘር ነው፤ ነፋስ ጥቂት ይገፋዋል እንጂ ሩቅ አይወስደውም። ስለዚህ አደይ ከአንድ ሰፈር አንዴ ከጠፋ ከሌላ ሰፈር በራሱ ተጉዞ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ። ወንድሙ ጨጎጊት በዚህ ይበልጠዋል። የጨጎጊት ዘር ጫፉ ላይ ባሉት እሾሃማ ጥርሶች በሱሪያችንና በበግ ጸጉር ላይ ተለጥፎ አገር ያቋርጣል፤ ለዚህ ነው ጨጎጊት የትም የማይጠፋው። ሁለቱ የአንድ ወገን ተክሎች ናቸው፤ አንዱን ከልብሳችን ላይ እየለቀምን እንረግማለን፣ ሌላውን በእቅፋችን ይዘን እንዘፍንለታለን።

ቢጫ ሁሉ አደይ አለመሆኑንም ልጆቻችን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። በዚህ ወቅት በየመንገዱ ዳር ከአደይ ጋር ተደባልቆ የሚያብበው መጭ ነው፤ ዘይት የምናወጣበት የኑግ የቅርብ ዘመድ። ለመለየት ቅጠሉን ተመልከቱ። የመጭ ቅጠል ያልተከፋፈለ ሻካራ ቅጠል ነው። የአደይ ቅጠል እንደምታዩት በስሱ የተከፋፈለ ነው። አደይ የምንለውም አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። በብዛት የሚጠቀሰው የሳይንስ ስሙ ቢደንስ ማክሮፕቴራ የተባለው ቢሆንም ሌሎች የሚመስሉት ዘመዶችም በዚሁ ስም ይጠራሉ። የዚህን ሰፊ ቤተሰብ አባላት አንዱን ከሌላው ለመለየት ረጅም ዘመን የደከሙት ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዶክተር መስፍን ታደሰ ናቸው። የደረቁ ናሙናዎቹም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሀርባሪየም ውስጥ ተቀምጠዋል። ለትምህርት የደረሱ ልጆች ያሏችሁ አራት ኪሎ ድረስ ወስዳችሁ ብታሳዩአቸው መልካም ነው። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው፤ 705 ሄክታር የሚሆን መሬት ለአገር በቀል ዕፅዋት ተከልሎ በደጃችን እያለ ያላየነው ብዙ ነን።

ስለ ንብ አንድ ነገር ልጨምር። በመካከለኛው ደጋ ዋናው የማር ቆረጣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ንቦቹ ያን ማር የሚሠሩት ከምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል፤ ከአደይ፣ ከመጭና ከማገጥ። ሦስቱም ማንም የማይዘራቸው፣ ማንም የማያጠጣቸው ናቸው። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች በማር ምርት ቀዳሚ ናት ሲባል ስንሰማ ስለ ቀፎውና ስለ አናቢው እናስባለን፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚያ ምርት ብዙው ያረፈው አረም ብለን በምንጠራው ነገር ላይ ነው። እዚህ በሰፈራችን ንብ የሚያረቡ ሁለት ቤተሰቦች አሉ። ባለፈው ሳምንት ሳነጋግራቸው በዚህ ወቅት ንቦቻቸው ሽቅብ ወደ ተራራው ብቻ እንደሚበሩ ነገሩኝ፤ ወደ ሰፈሩ የሚወርድ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ቀኑ።

እኛ የከተማ ሰዎች አደይን የምናውቀው ከመስከረም 1 እስከ መስከረም 17 ነው። በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፣ ወንዶቹ ሥዕል ያበረክታሉ። በመስቀል ዋዜማ ደመራው ጫፍ ላይ አደይ ይታሰራል። ከዚያ ወዲህ ስለ አደይ የሚያነሳ ሰው የለም። አባቶቻችን የሠሩት የዘመን አከፋፈል ግን ሌላ ይላል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት የሚያበቃው መስከረም 25 ቀን ነው። የአበባው ዘመን፣ ዘመነ ጽጌ፣ የሚገባው በማግስቱ መስከረም 26 ነው፤ የሚወጣውም ኅዳር 5። ቁጠሩት፤ ከመስከረም 5 ቀን፣ ጥቅምት ሙሉውን 30፣ ከኅዳር 5፤ አርባ ቀን ይሆናል። በእነዚያ ሳምንታት በየእሑዱ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ካህናቱ ሌሊቱን ስለ አበባ ሲያዜሙ የሚያድሩበት ዘመን እኛ አበባው አለቀ ካልንበት ቀን በኋላ ነው የሚጀምረው።

ይህን ያወጡት ሰዎች ተፈጥሮን በዓይናቸው የሚከታተሉ ሰዎች ነበሩ። መስከረም መጀመሪያ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው ፈንጠዝያ ነው፤ ሰማዩ ገና ደመና አለው፣ መሬቱ ገና ጭቃ ነው። አበባው የሚሞላው ዝናቡ ሲጠራ፣ ንቧ ቀኑን ሙሉ መብረር ስትችል ነው። ኅዳር መግቢያ ላይ ዘሩ መብሰል ይጀምራል። ዘመነ ጽጌ ልክ በዚያ ላይ ይዘጋል። የአደይን የሕይወት ታሪክ በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ በሰሌዳ ላይ ሥዬዋለሁ፤ ከዚህ የቀን ስሌት የበለጠ ትክክል የሆነ ሥዕል ግን አልሠራሁም።

በዕድራችን ሙስሊም ጎረቤቶቻችን አሉ፣ የሌላ እምነት ተከታዮችም አሉ፤ ይህን የምናገረው ለአንድ ወገን አይደለም። የኦሮሞ ወገኖቻችን ከመስቀል በኋላ በሚያከብሩት ኢሬቻ እርጥብ ሣርና ይህንኑ ቢጫ አበባ ይዘው ወደ ውኃው ዳር ይወርዳሉ። ከሰሜን ያሉት ወሎዬዎችና ትግሬዎች ገና ነሐሴ ላይ በአሸንድዬ፣ በሻደይና በአሸንዳ ክረምቱን በልምላሜ ይሸኛሉ። ሁሉም ምስጋናውን የሚገልጸው በቅጠልና በአበባ ነው፤ ሁሉም የሚቆርጠው ማንም ካልተከለበት መሬት ነው። ያ ያልተተከለ መሬት ነው በከተማችን እያነሰ ያለው።

ታዲያ እኛ ከመስቀል በኋላ በዚህ ሰፈር ምን እናደርጋለን? በየዓመቱ የምናደርገውን ላስታውሳችሁ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የጽዳት ዘመቻ እንወጣለን። ክረምቱን ያደገው ሁሉ ይታጨዳል። የወንዙ ዳር ይመነጠራል፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ይጠረጋል፣ ሜዳው ይላጫል። ወጣቶቻችን ይህን በፍቅር ነው የሚሠሩት፤ ሠፈሩ ንጹሕ እንዲሆን ነው፤ እኔም አብሬ አጭጃለሁ። ነገር ግን የምናጭድበት ቀን ዘሩ ገና ከመብሰሉ በፊት ነው። አበባውን በሙሉ ዘር ሳያፈራ ቆርጠን እናቃጥለዋለን፤ ጎተራው ሳይሞላ ይከርማል። ይህን ከዓመት ዓመት ስንደጋግመው ቆይተናል። ከዚያም መስከረም ሲብት ልጆቻችን አበባ ፍለጋ እስከ እንጦጦ ጫፍ ይወጣሉ፤ ያልቻለም ከሱሉልታ ወርዶ በመንገድ ዳር የሚሸጠውን እቅፍ በብር ይገዛል። በደጃችን ይበቅል የነበረ ነገር በገንዘብ የሚገዛ ሸቀጥ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ሻጮቹን አልወቅስም፣ ብዙዎቹ ለደብተርና ለእስክርቢቶ የሚሸጡ ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው ነገር አቆራረጣችን ነው። አደይ ግንዱ ጠንካራ ስለሆነ በእጅ ሲጎትቱት ከመቆረጥ ይልቅ ከነሥሩ ይነቀላል። ከነሥሩ የተነቀለ ተክል የያዘው እንቡጥ ሁሉ አብሮት ይሞታል። በምላጭ ወይም በመቀስ ከላይ ቢቆረጥ ግን ከሥር ካሉት የቅጠል ጥጎች አዳዲስ ቅርንጫፍ አውጥቶ እንደገና ያብባል። ስለዚህ አበባ አትቁረጡ የሚል ሰው አይደለሁም። እንቁጣጣሽ ያለ አደይ ምን እንቁጣጣሽ ነው! ልጆቹ ይቁረጡ፣ ይዝፈኑ፣ ደመራውም ይሸለም። በመቀስ ይቁረጡ፤ የተክሉን ታችኛውን ግማሽ ይተዉለት።

ሦስተኛው የግንባታው ጉዳይ ነው። መንገዱ በኮብልስቶን ተነጥፏል፤ ክረምቱን ሙሉ በጭቃ የተራመደ ሰው ይህን ሊቃወም አይችልም፤ እኔም አልቃወምም። ነገር ግን ግንባታ ሲጀመር መጀመሪያ የሚቆፈረውና በመኪና ተጭኖ የሚሄደው የላይኛው አንድ ስንዝር አፈር ነው። ዘሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ግንባታው ሲያልቅ ለአረንጓዴ ቦታ ተብሎ የሚደፋው አፈር ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ በላዩም የውጭ ሣርና ውኃ የሚጠጣ አበባ ይተከላል፤ በጋውን ሙሉ በቦቴ እየተመላለሰ ይጠጣል። አደይ ከሰማይ በሚወርደው የክረምት ዝናብ ብቻ ያድጋል፤ ከዚያ ውጭ የሚጠይቀው ነገር የለም። በየትኛውም የሰፈር ልማት ውስጥ የላይኛውን አፈር ለይቶ በአንድ ጥግ ማቆየትና መጨረሻ ላይ መልሶ ማልበስ የሚቻል ነገር ነው፤ ከዚህ በኋላ በአካባቢያችን ለሚሠራ ሥራ ሁሉ ዕድሩ ይህን በጽሑፍ እንዲጠይቅ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ስለ ዛፎቹ ብዙ አልናገርም፤ እነሱ ተከራካሪ አላቸው። ወንዙ ዳር ያለው ዋንዛ ነጭ አበባውን ሲያወጣ ንቡ ከሩቅ ይሰማል። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለችው ኮሶ ቀይ ዘለላዋን ታንዠረግጋለች። በአጥር የቆመው ቆርች ቅጠሉን አራግፎ በቀይ አበባ ብቻ ይቆማል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ጃካራንዳ ዋናውን መንገድ ሐምራዊ ያለብሰዋል፤ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳዋል፤ ያምራልም። ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ቢመጣ ግማሻችን ወጥተን እንጮሃለን። ለአደይ ግን የሚጮህ የለም፤ በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም፣ ሐምሌ ላይ አረም ይመስላል፣ ኅዳር ላይ ጭራሮ ይመስላል። የሚያምርባቸው ሳምንታት ጥቂት ናቸው። የእኔም ወገንተኝነት ወደ እሱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን የምትሉትን አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ከስብሰባው በፊትም ነግራችሁኛል። ያልታጨደ ሣር አይጥና እባብ ይሰበስባል፣ ቆሻሻ መጣያ ይሆናል፣ ሲመሽ ሌባ ይደበቅበታል። ይህ ከንቱ ስጋት አይደለም። እናቶች ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ ልጃገረዶች ከማታ ትምህርት ሲመለሱ የሚያልፉበት መንገድ ዳር ሰው ቁመት ያለው ሣር መኖር የለበትም። እኔ የምጠይቀው ሰፈሩ ሁሉ ዱር እንዲሆን አይደለም። የእግር መንገዱ ግራና ቀኝ ይታጨድ፤ በቤት ደጃፍና በመጸዳጃ ቤቱ አካባቢ ያለው ይታጨድ፤ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ይታጨድ። ሦስት ቦታዎች ብቻ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ እንዲቆዩ እለምናለሁ፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር በስተ ጀርባ ያለው ተዳፋት፣ ማንም የማያልፍበት የወንዙ ማዶ ጥግ፣ ከዚህ አዳራሽ ኋላ ያለችው ቁራጭ መሬት። ሦስቱም ዳገታማ ወይም ድንጋያማ ናቸው፤ ለሌላ ነገር አይውሉም። ተዳፋቱ ላይ ደግሞ ሥር የያዘ ነገር መኖሩ የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን እንዳይወስድ ይረዳል።

ቆሻሻ እንዳይጣልባቸው ለማድረግ ከድንጋይ ዝቅ ያለ ከለላ መሥራት ይበቃል። ሰው የተጠበቀ መሆኑን ካየ አይጥልም። ለበዓል የተገዙ በጎችም እዚያ እንዳይታሰሩ እለምናለሁ፤ በግ እንቡጡን ለይቶ አይተውም።

ያ ሁሉ ሆኖ ባዶ የሆነውን ቦታ እንዴት መልሰን እንሞላለን? ሥራው ቀላል ነው፤ ልጆችም ይችሉታል። ኅዳር ሁለተኛ ሳምንት ላይ፣ ዘሩ ጠቁሮ ሲነኩት በእጅ ላይ መርገፍ ሲጀምር፣ ወደ እንጦጦ መንገድ ዳር ወጥቶ ከእያንዳንዱ ተክል ጥቂት ጥቂት መልቀም ነው። ከአንዱ ቦታ ሁሉንም አትልቀሙ፤ ለዚያ ቦታ ከርሞም መቅረት አለበት። አረንጓዴውን አትንኩ፤ አይበቅልም። የለቀማችሁትን ጥላ ውስጥ በጋዜጣ ላይ አስጥታችሁ አድርቁና በወረቀት ከረጢት አስቀምጡት። ላስቲክ ውስጥ ከተቀመጠ ይሻግታል። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ከባዱ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት፣ መሬቱን በመጥረጊያ ወይም በሬክ ጫር ጫር አድርጋችሁ በትኑት። አትቅበሩት፤ በስሱ አፈር መነካካት ይበቃዋል። ሣሩ በጣም የበዛበት ቦታ ከሆነ ቀድማችሁ በቦታ በቦታ ሣሩን ገልጣችሁ አፈሩን አሳዩት፤ ቡቃያው ከወፍራም ሣር ሥር ብርሃን አያገኝም። ሐምሌ ላይ አረም የሚያርም ሰው ቅጠሉን እንዲያውቀው አድርጉ፤ ዛሬ በእጃችሁ ያለውን ቅጠል በደብተር መካከል አድርቃችሁ ማቆየት ለዚያ ይጠቅማል።

የትምህርት ቤቱ የሳይንስ መምህራን በዚህ ለመተባበር ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውኛል። ተማሪዎቹ ኅዳር ላይ ዘር ይለቅማሉ፣ ግንቦት ላይ ይበትናሉ፤ መካከሉን በየወሩ እየሄዱ የተዳፋቱን ሁኔታ በደብተር ይመዘግባሉ። የአንድ ተክል ሙሉ ዓመት በዓይኑ ያየ ልጅ ከመጽሐፍ የማያገኘውን ነገር ያገኛል፤ ይህን በመምህርነት ዘመኔ አይቻለሁ።

እንግዲህ ለጉባኤው የማቀርበው ይህ ነው። የዘንድሮው የጽዳት ዘመቻ በተያዘለት ቀን ይውጣ፤ ከሦስቱ ቦታዎች በስተቀር ሁሉም ይታጨድ። ሦስቱ ቦታዎች የሚታጨዱት ከታኅሣሥ 15 በኋላ ይሁን፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ማጭድ እኔ አነሳለሁ። የታጨደውም ወዲያው አይቃጠል፤ እዚያው መሬት ላይ ተራግፎ ጥቂት ቀን ይሰንብት፤ የቀረው ዘር ይወርዳል። ለከለላው የሚሆን ድንጋይ ከአሮጌው አጥር ፍርስራሽ እንዲወሰድ ዕድሩ ይፍቀድልን። ከዚህ ሌላ ገንዘብ አልጠይቅም።

ክቡር ዳኛ፣ ውሳኔው በድምፅ እንዲሰጥበት እጠይቃለሁ። ድንጋዩን ለመደርደር የሚያግዙኝ ወጣቶች ስማቸውን ለጸሐፊያችን ያስመዝግቡ፤ ተዳፋቱን ዛሬውኑ ማየት ለምትፈልጉ ስብሰባው ሲያልቅ በበሩ አጠገብ እቆያለሁ።